አንድ ቀን የማይሞላ መንገድ

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ድርቆሹ ታስሮ አለቀ። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። ለእማዬ አጥሚት አጠጣኋት፣ ግማሹን ተፋችው። «ጋሮማ ኮ፣ ጋሮማዬ የት ደረሰ?» አለች ዛሬም። ወንድሜ የት ይደርሳል? ሜልቦርን ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዛው። ገላዋን የማጥብ እኔ፣ አንሶላዋን የምቀይር እኔ... የምትጠራው እሱን።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ባሰባት። ደወልኩለት። አለቀሰ። ትኬት ቆርጧል፣ ማክሰኞ ይነሳል።

እማዬ እጄን ያዘችኝ። ደስ አለኝ... ለካ አደራ ልትለኝ ነው። «ጋሮማ ፊቴን ሳያይ አፈር እንዳታለብሱኝ።»

ለእኔስ? ምንም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ስልኬ ላይ አየሁት። ከሜልቦርን አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር። ዱባይ ላይ የሚጠብቀው ተጨምሮ እንኳ ሃያ ሦስት ሰዓት። አንድ ቀን አይሞላም! ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራ ነበር?

ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቷል። ነገ ሰባት ሰዓት ቦሌ ነው።

እማዬ አመሻሽ ላይ አረፈች። እጄ ላይ። የመጨረሻ ቃሏም የእሱ ስም...

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ጠዋት አጎቴ ኦቦ ሚልኬሳ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። «ልጁ መቼ ይገባል? ዛሬ ከሆነ እስከ ማታ እናቆያት። አደራ ብላለች።»

እንባዬን ጠረግኩ። «አይ አባባ፣ አውስትራሊያ እኮ ነው! ሁለት ቀን ይፈጃል። ዓርብ ቢደርስ ነው።»

«ዓርብ ድረስማ ሬሳ አይቀመጥም» አሉ። ማን ሊጠረጥር?

የሱሉልታ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ተቀበረች። ስልኬን አጠፋሁት። ይቅመሳት አልኩ። አዎ፣ ደስ ብሎኛል። እግዜር ይየኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሮማ መጣ። ድንኳኑን ከአስፋልቱ አይቶ፣ ታክሲው ሳይቆም ዘሎ ወረደ። «ፊቷን አሳዩኝ... ፊቷን ብቻ!» እያለ ገባና ባዶ አልጋዋ ላይ ተደፋ። አጎቴ ግራ ገባቸው። «ዓርብ ትደርሳለህ ተብሎ እኮ ነው ልጄ። ኤቢሴ ናት ያለችን።»

ቀና ብሎ አየኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«እውነቷን ነው» አላቸው። «ቀድሞ የሚነሳ አውሮፕላን አግኝቼ ነው።»

ምነው በጮኸብኝ! ምነው በጥፊ ባጮለኝ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ጋሮማ የሰነበተው አጎቴ ቤት ነው። ከእጄ ውሃ እንኳ አልጠጣም። ዛሬ ተመልሶ ሄደ።

ሰዉን ሁሉ እየዞረ ተሰናበተ። እኔ ጋ ሲደርስ ጥብቅ አድርጎ አቀፈኝ። ይቅር ያለኝ መስሎኝ ሆዴ ባባ፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ጆሮዬ ሥር «እህት የለኝም» አለኝ። «ብትሞቺም እንዳይነግሩኝ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እንዲህ የሚዋደዱ ልጆች ትታ ሄደች» አሉ።