ሚኒባስህን ሰም ቀብቼ ሸኘሁት

አባ ኬኔ፣ አካም ጅርታ። መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ግን ያለ ሰላምታ የሚጀመር ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም ብለው መምህራችን አስተምረውናል። ከዚህ ዓለም ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ይህን የምጽፈው እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ለቅሜ ጨረስኩት። የአንገር ጉቲን ሰፋሪ ልጅ ነኝና የጻፍኩልህ በእናቴ ቋንቋ፣ በአማርኛ ነው። ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ መነጽሯን እየረሳች ስለምትመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ቅናት ነው። አንተ እያለህ በጣቴ ነበር የምፈርመው። አሁን ሊቅ ሆኛለሁ፣ ጉራዬን የሚሰማልኝ ጠፋ እንጂ።

የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ኬኔ ባሏን ተከትላ አሶሳ ገብታለች። ሚኒባስህ ማንጎው ሥር እንደቆመ ቀረ። የምትሠራበት የጊዳ አያና መንገድ በጸጥታው ምክንያት አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ደፍሮ የሚነዳ ሾፌር አላገኘሁም። ወንድምህ ቆሞ ከሚበሰብስ ይሸጥ አለ፣ እሺ አልኩ። በልቤ ግን አንድ ነገር ያዝኩ፤ እንዳንተ ለሚሳሳለት ሰው እንጂ ለማንም አይሄድም። ከዲጋ ገዢ ይመጣል ሲባል፣ ሰውየው ገና ሲያየው እንዲወደው ብዬ ሰም ልቀባው ተነሳሁ።

ወለል በመወልወል በዚህ ሰፈር የሚስተካከለኝ እንደሌለ ታውቃለህ። ሰም ያው ሰም ነው ብዬ የሳሎኑን ሰም ኮፈኑ ላይ ለቀለቅኩት። እስከ ምሳ ድረስ መስታወት ነበር። ከምሳ በኋላ የነቀምቴ ቀይ አቧራ መጥቶ ተለጠፈበትና በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን መሰለ። ጎረቤታችን ዋቅጅራ፣ የአይሱዙ ሾፌሩ፣ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ «ሃዳ ኬኔ፣ ጫማዬን አውልቄ ልግባ?» አለኝ። «እግርህንም ታጥበህ» አልኩት። ሳቀብኝና ገብቶ አስተማረኝ። ነጭ ጋዝ በጨርቅ እያስነካን ያንን ሁሉ አስለቀቅነው፤ ከዚያ ከመለዋወጫ ሱቅ የመኪና ሰም ገዛሁ።

የቀረውን ካንተ የቀረ ትዝታ መራኝ። እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ክራባትህን ፈትተህ እንደምታጥበው እኔም በመኪና ሻምፖ አጠብኩት፤ ኦሞ ቀለሙን ያደርቀዋል ትል ነበር። ጥላ ውስጥ ላሜራው እስኪበርድ ጠበቅኩ። ስፖንጁን ሰሙ ላይ ነካ ብቻ፣ ስስ አድርጎ፣ ዞር ዞር እያሉ፣ ትንሽ ትንሽ ቦታ። እንደ ጭጋግ ሲነጣ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል። ጥቁሩን ፕላስቲክ አለመንካት፣ ነጭ ምልክት ይቀርበታል። አንተ ለመወልወያ ነጠላዬን እየሰረቅክ ታናድደኝ ነበር። እኔ ያንተን ሰማያዊ ሸሚዝ ቀደድኩ። የሚቆጣኝ አልነበረም።

በሾፌሩ በር በኩል፣ ክንድህን የምታስደግፍበት ቦታ፣ ቀለሙ አልቆ ላሜራው ገጥጧል። እዚያ ደጋግሜ ቀባሁ። ሰም ያለቀ ቀለም አይመልስም።

ቅዳሜ ሰውየው መጣ። እኔ እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩ፤ ፊትዎን ይዩበት፣ በወለጋ እንዲህ ያለ የለም፣ ባለቤቱ እንደ ልጅ ነው የያዘው አልኩ። እሱ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፣ ቀለሙን ዘወር ብሎም አላየው። ከወንድምህ ጋር እጅ ከተማቱ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረው። «አዴ፣ በከንቱ ደከሙ» አለኝ። «ወንበሩን ነቅዬ ከሰል ነው የምጭንበት።»

ወንድምህን አየሁት፣ መሬት መሬት ያያል። አልሸጥም ልል ነበር፤ ግን እጅ ተማትተዋል። እኔ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ወሬ የማይጠፋኝ ሴት፣ ቁልፉን ብቻ ለሰውየው ሰጠሁት።

ሚኒባሱ ከበሩ ሲወጣ ካፊያ ጀመረ። ውሃው ኮፈኑ ላይ አላረፈም፤ እንደ አተር ፍሬ ድቡልቡል እያለ ተንከባለለ። የሰም ፈተናው ፀሐይ ሳይሆን ዝናብ ነው ትለኝ ነበር። ይዟል፣ አባ ኬኔ። ያለ አንዳች ክፍተት ይዟል። ልነግርህ ዞርኩ። ማንጎው ሥር መኪናው የቆመበት ደረቅ መሬት ብቻ ነበር፤ እያየሁት እሱም ረጠበ።

ከሰሉ ያንን ሰም ባንድ ሳምንት ይበላዋል። ነገ ይሻላል ብዬ አልዋሽህም፣ አይሻልም። አንተን የማስታውስህም ትመለሳለህ ብዬ አይደለም። እንደማትመለስ እያወቅኩ፣ እጄ ብዕር እስከያዘ፣ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ ሃዳ ኬኔ፣ የኬኔ እናት