ድንኳናችን ሳይረጥብ ስለ መቆየቱ

ለተከበሩ አቶ ማስረሻ፣ የዕድራችን ሊቀመንበር
ጎጃም በረንዳ

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ስልክዎ ባትሪ ሁልጊዜ የሞላ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔም ከባለቤቴ ከወይዘሮ በለጥሻቸው ቀብር ዕለት ከያዘኝ ጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው፣ ኮሚቴዎ በዚያ ዕለት የዋለልኝን ውለታ በጆሮዎ ብቻ ማመስገን ስለማይበቃኝ ነው።

አንደኛ፣ ድንኳን ይውጣ አይውጣ ለማለት የአየር ሁኔታ የሚናገሩ ሦስት የስልክ አፖችን ማወዳደራችሁን አደንቃለሁ። አባቶቻችን ሰው ሲሞት ሳያጠኑ ዝም ብለው ይተክሉ ነበር። የመጀመሪያው አፕ ፀሐይ፣ ሁለተኛው ስስ ደመና፣ ሦስተኛው ከባድ ዝናብ ማለታቸውን፣ ሦስተኛውም ሁለት ለአንድ ተሸንፎ ከስልክዎ መሰረዙን፣ ድንኳኑም ከመጋዘን እንዳይወጣ መወሰኑን ሰምቻለሁ። የሐምሌ ዝናብ ግን በስብሰባው ላይ ስላልነበረ ውሳኔው አልደረሰውም።

ሁለተኛ፣ ከቀብር መልስ እንግዶቼ ደጅ ላይ በዝናብ ሲደበደቡ እርስዎ ቀርበው «ጋሼ ጓንጉል፣ ይኸው ይዩት፣ ፀሐይ ነው እኮ የሚለው» ብለው ስላጽናኑኝ እግዜር ይስጥልኝ። ማንበብን ያለ አስተማሪ የተማርሁ ሰው ነኝና የስልኩን ውሃ በእጅጌዬ ጠርጌ ከላይ የተጻፈውን አነበብሁ። ድሬዳዋ ይላል። ለፋሲካ ሄደው ሳሉ እንደ ሞሉት ቀርቶ ይሆናል። ትንበያው እንከን የለውም፤ የድሬዳዋ ሐዘንተኞች አልረጠቡም።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቴ ሙህዲን ከአትክልት ተራ ሽንኩርት የሚሸፍንበትን ሸራ ተሸክሞ መጥቶ፣ ከነልጆቹ አራቱን ጫፍ ይዘው በእንግዶቹ ራስ ላይ ቆመዋል። ሙህዲን የዕድራችን አባል አይደለም፤ ሸራውንም ያነሣው አንድም አፕ ሳያማክር ነው። ኮሚቴው ይህን የአሠራር ጉድለት እንዲያጣራ አሳስባለሁ።

ድንኳን እኮ በበጋም እንተክል ነበር። ከአውቶቡስ ተራ የሚመጣ መንገደኛ እሱን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሾፌርም ጥሩንባውን ይተዋል። በበለጥሻቸው ቀን ግን ዕቃ ተሸካሚው «ወገብ! ወገብ!» እያለ መንገድ እያስለቀቀ በደጃችን አለፈ። አልፈርድበትም። ምን አይቶ ይወቅ?

በእሁዱ ጉባኤ የትኛው አፕ ይሻላል በሚለው ላይ እንደምትወያዩ ተነግሮኛል። የእኔን ድምፅ ከወዲሁ መዝግቡልኝ፦ ሰው ከሞተ ድንኳን ይተከል። ይህ እስኪወሰን ድረስ በየስብሰባው እጄን አነሣለሁ፤ የመናገር ዕድል ሲነፍጉኝም አልቀመጥም።

ካፖርቴ እስኪደርቅም ሆነ ከደረቀ በኋላ አክባሪዎ፣
ጓንጉል ውብሸት

ማስታወሻ፦ ትናንት መጋዘን ገብቼ ድንኳኑን አየሁት። እንኳን ደስ አላችሁ፣ አንዲት ጠብታ አልነካችውም። በለጥሻቸው አምና በመርፌ የጣፈችው ጥግም ደረቅ ነው።