የቃል ቆጠራው ሠንጠረዥ

ቀን፦ የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለኅትመት ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እኔ ያዘጋጀሁት መለኪያ የተሳሳተ ስለሆነ፣ በልጄ ላይ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት እንዲሻርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሠላሳ አንድ ዓመት ቋንቋ አስተምሬ በጡረታ የተገለልኩ መምህር ነኝ። ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀኝ ከሦስት ዓመት በፊት ባዘጋጀሁለት አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው። ዛሬ አቤት የምለው በዚያው ገጽ ላይ ነው።

1. ያን ጊዜ ሠራተኞቻችሁ በጋዜጣ ጽሑፍ ውስጥ እውነታን ከግል አስተያየት የሚለዩበት መንገድ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። ሁለት መቶ የአስተያየት ጽሑፎች ሰብስቤ የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ቃላት በቀይ እስክሪብቶ ቆጠርኩ። ጸሐፊው የሆነውን ሲናገር ዐረፍተ ነገሩ ያጥራል፤ የራሱን ሐሳብ ሲመዝን «ምንም እንኳ» እና «ይመስለኛል» እየተቀጠሉበት ይረዝማል። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ቃል ያለውን «እውነታ»፣ ከዐሥራ አምስት በላይ ያለውን «አስተያየት»፣ በመካከል የቀረውን «ሁለት ሰው ያንብበው» ብዬ ፈረምኩ።

2. ልጄ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ባለፈው ወር ስለምትሠራበት የማዋለጃ ክፍል በጋዜጣ ላይ አስተያየት ጻፈች። ከጻፈችው ውስጥ፣ «መስኮቱ ተሰብሯል። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ኃላፊዎቹ ለእናቶች ደንታ የላቸውም።» የሚል ይገኝበታል። ሆስፒታሉ ቅሬታ አቀረበ። ሠራተኞቻችሁ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ቢቆጥሩት አራት ቃል ሆነ። አራት ቃል እውነታ ነው፤ እውነታ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል፤ በሰው ልብ ውስጥ ላለ ደንታ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ «ሐሰተኛ መግለጫ» ተብሎ ለፊታችን ዓርብ ለውሳኔ ተቀጥሯል። ውሳኔው ከጸና የነርስነት የሥራ ፈቃዷ ይታገዳል።

3. የልጄ ጽሑፍ በወጣበት ዕለት፣ በዚያው የጋዜጣ ገጽ ላይ አንድ የታወቀ አምደኛ ስለዚያው ሆስፒታል ጽፏል። አንዱን ዐረፍተ ነገር ቆጠርኩት፤ አርባ ሦስት ቃል ነው። «ከሁሉም አቅጣጫ ሲታይ» ብሎ ጀምሮ «ለማለት ያስደፍራል» ብሎ እስኪጨርስ ድረስ፣ መሐል ላይ ጄኔሬተሩ ሁለት ወር ሙሉ እንዳልሠራ ይናገራል። ይህ ሄዶ ማየት የሚቻል ነገር ነው። ማንም ሄዶ አላየም። በርዝመቱ ብቻ አስተያየት ተብሎ አልፏል።

4. ስሕተቱ የእኔ ነው። ናሙናዎቹን የመረጥኩት ለጥቁር ሰሌዳ ምሳሌ እንደምመርጥ ነበር፤ የረጋ ሰው የጻፋቸውን፣ የታረሙትን፣ ንጹሖቹን ብቻ። የተናደደ ሰው ጽሑፍ፣ ከተረኝነት ወጥቶ ደክሞት የሚጽፍ ሰው ጽሑፍ አንድም አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ሰው ከልቡ የሚያምንበትን በሁለት በሦስት ቃል ጨርሶ ዝም ይላል። ይህን በክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሰማው ኖሬ ከቆጠራዬ አስቀረሁት።

አጭር መጻፍንም ለልጄ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ትንሽ ሳለች በምግብ ጠረጴዛው ላይ ድርሰቷን እያረምኩ፣ ትንፋሽሽ ሳያልቅ አራት ነጥብሽን አድርጊ እላት ነበር። ከቅሬታው ጋር የተያያዘውን ሠንጠረዥ ይዛ መጥታ፣ ሳትቀመጥ በሩ ላይ ቆማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባዬ፣ ይሄ ፊርማ ያንተ ነው እንዴ?» አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠችም፤ ስደውልላትም አታነሳም።

5. ባለፈው ሳምንት ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ላስረዳ ሞከርኩ። ትሑት ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ከራሳችን የጨመርነው የለም፤ የእርስዎን ነው የምንቆጥረው» አለችኝ ፈገግ ብላ። እውነቷን ነው። ሠንጠረዡን ከመሳቢያዋ አውጥታ አሳየችኝ። በፕላስቲክ ተለብጧል፤ ጠርዙ ከእጅ ብዛት ጠቁሯል። ከልጄ በፊት ስንት ሰው በዚህ ገጽ እንደተዳኘ ልጠይቃት አፌን ከፍቼ፣ መልሱን ፈርቼ ተነሣሁ።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ላይ እንዳይውል፣ የልጄም ጽሑፍ ሳይቆጠር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ሰዎች ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡት፣ እኔም ከዓርብ በፊት ቀርቤ እንድጠየቅ በትሕትና አመለክታለሁ። ተጠያቂ የግድ ካስፈለገ፣ በገጹ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። ሁለት መቶዎቹን ጽሑፎች ከነቆጠራቸው በሁለት ደብተር አያይዣለሁ።

ይህን አቤቱታ ከመፈረሜ በፊት እንደ ልማዴ ቆጠርኩት። ከላይ ያለው ልመናዬ ረጅም በመሆኑ ሠራተኞቻችሁ የአንድ አባት የግል አስተያየት ነው ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል ብዬ ሰጋሁ። እውነታ ተብሎ እንዲመዘገብልኝ በአጭሩ ልድገመው።

ልጄ አልዋሸችም። ሠንጠረዡ ተሳስቷል። ፈርቻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጡረተኛ የቋንቋ መምህር፣ የአዋላጇ አባት