የእማ ኪሎ እና የዓፊያ ቀኖች

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

የኬሚስትሪ መምህሩ ስላልመጣ ቀደም ብለን ወጣን። እማን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር።

ነርሷ ሲስተር ሳሚያ የእማን ጣት ወግታ ደሟን አየች። ስኳሯ 268። ሚዛን ላይ አቆመቻት። 93 ኪሎ።

«እናቴ፣ ይሄ በኪኒን ብቻ አይያዝም። ኪሎ መቀነስ አለብሽ። እስከ የካቲት ካልወረደ ወደ መርፌ ነው የምንሄደው። ኩላሊትም ልብም አለ እኮ።»

«ኢንሻአላህ» አለች እማ። ሰሞኑን ለሁሉም ነገር ኢንሻአላህ ነው የምትለው።

«ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«እኔ» አልኩ።

አባ ጅዳ ነው፣ ለሥራ። ታላቅ እህቴ ዓፊያ ሰኔ ላይ ሞተች። የተሳፈረችበት ባጃጅ አስፋልቱ ላይ ከአይሱዙ ጋር ተጋጨ። እስከዛሬ ጽፌው አላውቅም ነበር። አሁን ጻፍኩት። ምንም አልሆንኩም።

ሲስተር «የምትበላውንና ኪሎዋን መዝግብ» አለችኝ። ደብተሩን የገዛሁት ለሱ ነበር... ሌላም እየጻፍኩበት ነው። ለማን?

ኅዳር 3

ሻይዋ ውስጥ አራት ማንኪያ ስኳር ነበር የሚገባው። ዛሬ አንድ አደረግኩላት። ቀመሰችና «ይሄ የበሽተኛ ሻይ ነው» አለች።

«በሽተኛ ነሽ» አልኳት።

ሳቀች። ቀልድ መሆኑ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

የሲስተር አመጋገብ አሥር ቀን ሆነው። ግማሹ ሳህን ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ምስር ወይ ሥጋ። ከምሳ በኋላ የግማሽ ሰዓት መንገድ በእግር።

ጤና ጣቢያው ስለሚርቅ ዓርብ ዓርብ በወፍጮ ቤቱ የእህል ሚዛን እንድትመዘን ተስማምተናል። ባለወፍጮው ዓብዱ ከሩቅ ሲያያት ጀመረ።

«አስያ! ማሽላ ነሽ ጤፍ?»

«ሥራህን ሥራ፣ መዝን።»

«ዘጠና ሁለት ተኩል! ኩንታል ልትሞዪ ሰባት ተኩል ቀርቶሽ መቀነስ ምን አመጣው?»

«አንተ ከነዱቄትህ ብትመዘን ግማሽ አትሞላም!»

ወፍጮ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው የቀነሰችው። በደብተሩ መስመር አስምሬ አስገባሁት። ቁጥር ጥሩ ነው። ምንም አይጠይቅህም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሙህዲን ክፍል ውስጥ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። ብረት ይገፋል፣ ስለ ዳይት የማያየው ቪዲዮ የለም። የእማን ቁጥር አይቶ አፌዘ።

«ሩብ እንጀራ ምን ይሠራል? ኃይል ሰጪውን ጭራሽ ነው ማቆም! እንጀራ የለም፣ ቂጣ የለም፣ ዳቦ የለም። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት በቃ። አፋር ወፍራም አይተህ ታውቃለህ?»

አሰብኩ። አላውቅም።

«የሚሄዱት መንገድስ?» አልኩት። «ቀኑን ሙሉ እኮ ከግመል ጋር በእግራቸው ናቸው።»

«እሱን ተወው፣ አንተ ደግሞ።»

አጎቱ ትናንት ከባቲ ገበያ የግመል ወተት አምጥቶ ነበር። ለእማ አምስት ሊትር ይዤ ገባሁ። እንጀራ የለም ስላት ወጡንና እኔን አፈራርቃ አየችን።

«በምን ልበላው? በማንኪያ? እንደ ፈረንጅ?»

በማንኪያ በላች።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

90! ዓብዱ ሁለቴ መዘናት። ሙህዲን እሱ ራሱ የቀነሰ ይመስል ደረቱን ነፋ።

ለሲስተር ሳሚያ ነገርኳት። ደስ ያላት አልመሰለኝም።

«መጀመሪያ ቶሎ የሚወርደው አብዛኛው ውኃ ነው፣ አትፎክር። እንጀራ ያቆሙም አይቻለሁ፣ እንጀራ የቀነሱም አይቻለሁ። ዓመት ሲሞላቸው ያው ናቸው። የሚያሸንፈው ሰውየው ሳይሰለች የሚዘልቅበት ነው። እናትህ ትዘልቅበታለች?»

አላውቅም። ራሷን ያማታል፣ ሆዷ ደርቋል። ማታ ማታ ዝም ትላለች። ግን እሷ ከሰኔ ወዲህ ዝም ነው የምትለው... በምግቡ ይሁን በሌላው በምን ይታወቃል?

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ስገባ እማ ጓዳ ቆማለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ። ቀዝቃዛ የማሽላ ቂጣ እየቆረሰች ትበላለች። እንደ ሌባ ደነገጠች።

«አየኸኝ?»

«አላየሁም።»

ተቀመጠች። የቀረውን ቂጣ ጭኗ ላይ አድርጋ ጨረሰችው። ከዛ እጇን አራግፋ «በቃኝ የቪዲዮ ነገር» አለች። «ከሰኞ ጀምሮ እጾማለሁ። ሰኞና ሐሙስ። ሱናም ነው፣ ኪሎም ይቀንሳል።»

ለሙህዲን ስነግረው «እሱማ አለ! ፈረንጆቹ ከኛ ሰርቀው ስም አወጡለት እንጂ» አለ።

ሲስተርን ልጠይቃት ነበር። ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

89። ሁለት ቀን ጾማ። በሌላው ቀን እንጀራም ትበላለች፣ በልኩ። አባ ከጅዳ ደውሎ ነበር። «ቀንሳለች አሉ፣ ማሻአላህ፣ አንበሳ ነህ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

87። ሦስቱን አወዳደርኳቸው፣ ግማሽ ሳህን፣ ያለ እንጀራ፣ ጾም። ጾሙ በለጠ። ለሙህዲን አሳየሁት።

ዓብዱ ዛሬ አልቀለደም። የእማን ፊት አየ፣ ከዛ እኔን አየ። «አስያ፣ ደህና ነሽ ወይ?» አላት። «አልሐምዱሊላህ» አለችው።

እኔ ያየሁት ሚዛኑን ነበር።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

ትናንት ጾማለች። ዛሬም ጾማለች። ማክሰኞ ነው አልኳት።

«ቀኑ ተምታቶብኝ ነው።»

እማ ቀን ይምታታባታል?

ጥር 6፣ ረቡዕ

ደብተሩን ሁለቴ ከፍቼ ዘጋሁት። ቢሆንም ልጻፈው።

አሥር ሰዓት ላይ ገባሁ። እማ መሬት ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋለች። ሻሿ በላብ ርሷል። «እማ» ብላት «ዓፊያ፣ መጣሽ?» አለችኝ። ምላሷ ተሳስሯል። እጇን ስነካው በረዶ ነው።

ሲስተር በመጀመሪያው ቀን ነግራኝ ነበር። ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ከቀባዠረች ቶሎ ስኳር ስጣት። አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ስኳሩን ገለበጥኩት። አፏ ጋ ሳደርሰው ጥርሷን ነከሰች።

«ገና ነው... ጀንበር አልጠለቀችም።»

«እማ፣ ጠጪ!»

«ጾሜን አታስፈርሰኝ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። የኔ አይደለም።»

«ምኑ ነው ያንቺ ያልሆነው?»

«የሷ ነው። የዓፊያ ነው። አሥራ ሁለተኛው ነው... አምስት ብቻ ነው የሚቀራት።»

አገጯን ይዤ ከፈትኩት። ልጅ ሆኜ እሷ መድኃኒት ስትግተኝ እንደምታደርገው። ግማሹ አንገቷ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹን ዋጠችው። ደግሞ ሌላ ብርጭቆ። ቆይታ ስሜን ጠራች፣ «ፈታህ» አለች። ከዛ አለቀሰች። «አስፈረስከኝ» እያለች።

በባጃጅ ወሰድኳት። ከሰኔ ወዲህ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ገባሁ። ምንም አልተሰማኝም።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ትናንት ጤና ጣቢያ ስንደርስ፣ ያን ሁሉ ስኳር ጠጥታ እንኳ 58 ነበር። ሲስተር ሳሚያ ተቆጣች። «የስኳር ኪኒን ሌሊት ሱሑር ላይ ውጣ ቀኑን ሙሉ ምግብ ሳትቀምስ? ይሄ ኪኒን እኮ በልቶም ሳይበላም ስኳሩን ያወርዳል! አንተስ መዝጋቢው?»

መዝጋቢው እኔ ነኝ። 87 ብዬ ጮቤ ረግጬ ነበር።

ዛሬ እማ ሁሉንም ነገረችኝ። ባለፈው ረመዳን ዓፊያ ታይፎይድ ይዟት አሥራ ሰባት ቀን አልጾመችም። ድና ቀዳውን፣ ያመለጣትን ጾም፣ ሳታወጣ ሞተች። እማ የሚቀጥለው ረመዳን ሳይገባ ልታወጣላት ነበር። ሰኞና ሐሙስ ብቻ አልደርስ ሲላት ማክሰኞንም ረቡዕንም ጨመረች። ዳይት ነው ብላ። እኔ እንዳልከለክላት።

አንድ ነገር አልነገርኳትም። ግንቦት ላይ ዓፊያ ቀዳዋን ልትጀምር ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። እኔ ነኝ «ተርበሽ ምን ታጠኛለሽ? ከፈተናው በኋላ ታወጪዋለሽ» ያልኳት። «እውነትህን ነው» አለች። ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው ሞተች።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

የመስጊዳችን ሼህ ሙሀመድአሚን እኛ ቤት መጡ። እማ ነገረቻቸው። አልተቆጧትም።

«አስያ፣ አንቺ የታመምሽ ሰው ነሽ። አላህ የማይችሉትን አያሸክምም። ቀዳ እያለበት ለሞተ ሰው ዘመዱ ይጾምለታል ነው የተባለው። እናት ብቻ ትጹም ያለው ማነው?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ለሷ ምኗ ነህ?»

«ወንድሟ።»

«እንግዲያ!»

እማ ተንሰፈሰፈች። «ልጅ ነው ያ ሼህ፣ ትምህርት አለበት፣ ተርቦ ምን ያጠናል?»

ያኔ ነው የነገርኳት። ግንቦት ላይ ያልኩትን። ቃሉ አንድ ነው፣ እማ፣ ያው ቃል ነው አልኳት። ሼሁ አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ያዙ። እማ ትኩር ብላ አየችኝ። የምትጮህብኝ መሰለኝ።

«ስንት ቀረ?» አለች።

«ስድስት። የረቡዕዋ ፈርሳለች።»

«በል ሱሑሩን እኔ እሠራልሃለሁ።»

ጥር 11፣ ሰኞ

አንደኛው። ኒያ ስነይት፣ ጾሙ ለማን እንደሆነ ሳስብ፣ ስሟን መጥራት ነበረብኝ። «በእህቴ በዓፊያ ስም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ጠርቼው አላውቅም ለካ።

እማ ቁርሷን በልታ ኪኒኗን ዋጠች። ቆሜ አየኋት።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ሁለተኛው። ሙህዲን በእረፍት ሰዓት ሳምቡሳ ዘረጋልኝ። ጾም ነኝ አልኩት።

«አንተም ዳይት? ምንህን ልትቀንስ ነው፣ አጥንትህን?»

ነገርኩት። ሳምቡሳውን ወረቀቱ ውስጥ መለሰው። እስኪደወል አብሮኝ ቁጭ አለ፣ ምንም ሳይበላ።

ጥር 18፣ ሰኞ

ሦስተኛው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራበኝ።

የምጽፈው ስለሚገርመኝ ነው። ከሰኔ ወዲህ ርቦኝ አያውቅም። ሲያቀርቡልኝ እበላለሁ፣ ሲያነሱት እተወዋለሁ። ዛሬ ሆዴ ጮኸ። ከጨፋ የመጣ የማሽላ እሸት መንገድ ዳር ሲጠበስ ሸተተኝና ምራቄ መጣ። እዛው ቆሜ ቀረሁ።

ጥር 25፣ ሰኞ

አምስተኛው። እማ ምሳዋን ጓዳ ተደብቃ ልትበላ ነበር። እፊቴ ብዪ አልኳት። ግማሽ ሳህን ጎመን፣ ሩብ እንጀራ፣ ሩብ ምስር። ወደ ሲስተር አመጋገብ ተመልሰናል። በጣቷ ነው የምትበላው።

«አይርብህም?»

«ይርበኛል።»

«እሷም ረሃብ አትችልም ነበር» አለች። «ረመዳን ላይ ከአስር ሶላት በኋላ ሰው አታናግርም።»

እውነት ነው። አንዴ ኩርፊያዋን በትራስ መታኋት። ሰባት ወር ሙሉ ይሄን ረስቼው ነበር።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ስድስተኛው። ተምር፣ ውኃ። አለቀ።

ጥር 29፣ ዓርብ

ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድን። ስኳሯ 171። ኪሎዋ 88 ተኩል፣ ከጾሙ ጊዜ ጨምራለች። ይሻላል አለች ሲስተር። መርፌው ለጊዜው ቀርቷል። ረመዳን እንዳትጾምም አስማለቻት። እማ «በጾሙ ፈንታ በቀን አንድ ሚስኪን አበላለሁ» አለች። ኢንሻአላህ አላለችም፤ አበላለሁ ነው ያለችው።

ከጁምዓ ስመለስ ምሳ ቀርቧል። ሥጋ ወጥ ሠርታለች። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ልጎርስ ስል እጄ ቆመ። ሰኞ የማንን ቀን ነው የምጾመው? የማንንም። ለዓፊያ የማደርግላት አንድም ነገር አልቀረም። ትናንት መግሪብ ላይ አልቋል።

«እማ» አልኳት። «ዓፊያ ሞታለች እኮ።»

«አዎ፣ ልጄ።»

ልክ አሁን የነገሩኝ መሰለኝ። አፌ ውስጥ ምግብ አለ፣ መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። እማ ተጠግታ ጀርባዬ ላይ እጇን አሳረፈች። አይዞህም፣ በቃም አላለችኝም።

«አልቅስ» አለች። «ምሳው የትም አይሄድም።»

የወጡ ቅባት ረግቶ እስኪነጣ አለቀስኩ።