በጎማ ቱቦ የሰማሁት ልብ

ጌትዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። አንተ ብረት ስታስርበት የነበረው የኢር ያሚም ሰፈር ፎቅ አልቆ ሰው ገብቶበታል፤ በአውቶቡስ ሳልፍ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቶ አየሁ። እኛ እዚያው ራማት የዲዲም ሰፈር ነን። ኦርሊያችን ኪታ አሌፍ፣ አንደኛ ክፍል፣ ገብታ ማንበብ ጀምራለች። ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ድንጋጤው እስካሁን ስላልለቀቀኝ ነው።

ከሐኑካ በዓል በኋላ አስተማሪዋ ወላጆችን ወደ ክፍል ጠራችን። ልጆቹ ስለ ሰው አካል እየተማሩ ነበር። አንዱ ትልቅ ወረቀት ላይ ይጋደማል፣ ሌላው ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምርበታል፤ ከዚያ ከቀይ ክር አንጀት፣ ከፊኛ ሳንባ ሠርተው ይለጥፉበታል። ወለሉ ሁሉ የልጅ ቅርፅ ሆኖ ሳይ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ የጎማ ቱቦ ላይ ሰክተው አንዱ የሌላውን ልብ ማዳመጥ ጀመሩ።

ሺራ የምትባለው ጓደኛዋ ቱቦውን ኦርሊ ደረት ላይ ይዛ ስታዳምጥ ቆየችና፣ «የኦርሊ ልብ ያነክሳል!» አለች። ልጆቹ ሳቁ። ኦርሊም አብራ ሳቀች። አስተማሪዋ፣ «ቱቦው ተጣሞ ይሆናል» ብላ አስተካከለችና ለእኔ ሰጠችኝ።

ጌትዬ፣ የሰማሁት አንተን ነው።

ሁለቴ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው ተቻኩሎ ይደርሳል። ስንት ዓመት ደረትህ ላይ ተኝቼ የሰማሁት ያው ምት! የወንድ ሁሉ ልብ እንዲህ የሚመታ ይመስለኝ ነበር፤ ከአንተ ሌላ የማንን ሰምቼ አውቃለሁ? ሥራ ላይ እንደቆምክ የወደቅህ ዕለት እንኳ «ልቡ ቆመ» አሉኝ እንጂ ለምን እንደቆመ የነገረኝ የለም። ወለሉ ላይ፣ ወረቀቶቹ መሃል ቁጭ አልኩ። አስተማሪዋ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ፣ «የአባቷ ነው» አልኳት።

በነጋታው ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ከዚያ ሆስፒታል ላኩን። ዶክተሯ መርምራት ስትጨርስ፣ «አባቷ በምን ሞተ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ ላይ ልቡ ቆመ እንዳሉኝ፣ ምቱም እንደ ልጁ እንደነበር ነገርኳት። «በዘር የሚተላለፍ የልብ ሕመም ነው። እንኳን በጊዜ አመጣሻት» አለች። በዚያ ቱቦ ባይጫወቱ ኖሮስ?

አሁን በየቀኑ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ልቧ በመድኃኒቱ ሳያቋርጥ፣ እኩል እኩል ይመታል። እልል ማለት ሲገባኝ እንባዬ ወረደ። ያ የአንተ ምት ከቤታችን ወጣ፤ ከእንግዲህ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

ይሁን፣ ልጃችን ትኑርልን። እኔ እስካለሁ አልረሳውም። አድጋ ስለ አንተ ስትጠይቀኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ያን ምት በጣቴ እየመታሁ «አባትሽ እንዲህ ነበር» እላታለሁ።

የአንተው ዘውዴ