ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፦ የአቶ ጳውሎስ ገበየሁ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጳውሎስ ገበየሁ ከአባታቸው ከአቶ ገበየሁ ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዋጋዬ ዳንሳ ኅዳር 14 ቀን 1963 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ በየበዓሉ መድረክ የሚያቆሙትና ድምፅ ማጉያ የሚዘረጉት እርሳቸው ነበሩ። ጳውሎስም በልጅነታቸው ሽቦ እየጠቀለሉ ከመድረኩ በስተኋላ ይቀመጡ ነበር። ካደጉ በኋላ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ፣ «ባለሥልጣናቱን ሁሉ በጀርባቸው አውቃቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ብታሳዩኝ ግን አንዱንም አልለየውም» እያሉ ያስቁ ነበር።

ይህን ጽሑፍ የያዛችሁ ወዳጆች በሽፋኑ ላይ የአቶ ጳውሎስን ፊት ፈልጋችሁ እንዳጣችሁ ቤተሰቡ ያውቃል። ስሕተት አይደለም። ምክንያቱ ከሕይወታቸው ጋር የተያያዘ ስለሆነ በቦታው ይነበባል።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1982 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጡ። ፒያሳ በሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ፊልም ማጠብና ማተም ተማሩ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ለግል ጋዜጦች የአደባባይ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሠሩ። በዓል ቢሆን፣ ሩጫ ቢሆን፣ የድጋፍም ሆነ የተቃውሞ ሰልፍ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁሉ ይገኙ ነበር።

አሠራራቸው ግን ከባልደረቦቻቸው ይለይ ነበር። ሌሎቹ መፈክር ሲሰሙ ወደ ፊት ሲጋፉ እርሳቸው ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ሰልፉ ተበትኖ ሰው ወደየቤቱ ማዝገም ሲጀምር ያኔ ይነሣሉ። የተጠቀለለ ባነር የተሸከመ ትከሻ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሄድ ሴት፣ ልጁን እሽኮኮ ያደረገ አባት፤ ሁሉም ከኋላ። «ዛሬ እዚህ የቆመ ሰው ነገ ሥራ ገቢ ነው። እኔ ያነሣሁት ፎቶ ቤቱ ድረስ ሊከተለው አይገባም» ይሉ ነበር። ባልደረቦቻቸው «ጀርባው ጳውሎስ» የሚል ስም አወጡላቸው። እርሳቸውም ስሙን ስለወደዱት ስልክ ሲደውሉ ሳይቀር «ጀርባው ነኝ» ይሉ ነበር። አንድ አዘጋጅ ተናድደው፣ «ጳውሎስ፣ አንባቢዬ እኮ ልብስ ሰፊ አይደለም፤ ፊት አምጣልኝ» ማለታቸው በሙያው ሰዎች ዘንድ ሲወራ ኖሯል።

በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ከተመረቁት ከወይዘሮ ልዕልት ባሮክ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። የሠርጉን ፎቶግራፍ ያነሡት ባልደረቦቻቸው ለተረብ ሲሉ ግማሹን ፊልም ከኋላ ስለጨረሱት፣ በአልበሙ ውስጥ ከሙሽሮቹ ፊት ይልቅ የቬሎው ጫፍ ይበዛል።

በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ሰሞን የሁለቱንም ወገን ሰልፎች አንሥተዋል። ከእነዚያ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው፣ ቢጫ ጃንጥላ ይዛ ጭር ባለ ጎዳና ወደ ቤቷ የምትሄድ ወጣት ፎቶግራፍ ነው። ጊዜው ሲከብድ ሰዎች ቤታቸው ድረስ መጥተው በሰልፍ የነበሩትን ፊት የሚያሳይ ፊልም ጠየቋቸው። አቶ ጳውሎስ ያላቸውን ፊልም ሁሉ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩላቸው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ መብራት እያነሡ ተመለከቱ። በመጨረሻ አንደኛው፣ «ይህ ሰውዬ፣ ሰው ፊት እንዳለው አያውቅም እንዴ?» ብሎ ፊልሙን መልሶ አስቀመጠ። በእርሳቸው ፎቶግራፍ ምክንያት ከቤቱ የተወሰደ አንድም ሰው የለም። ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚኮራበት ይህ ነው።

የሚሠሩበት ጋዜጣ ሲዘጋ በ1999 ዓ.ም. በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ወደምትገኘው አል ዓይን ከተማ ተጉዘው በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ባለቤታቸውና የመጀመሪያ ልጃቸው ሲላስ በዓመቱ ተከተሏቸው፤ ሴት ልጃቸው ልድያም በ2001 ዓ.ም. እዚያው ተወለደች። ሥራው የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ እና የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ በነጭ ግድግዳ ፊት የተቀመጠ ፊት። «ከፊት ስሸሽ ፊት ላይ ወደቅሁ» ይሉ ነበር።

ከአል ቶዋያ ሰፈር ቪላዎች ለኢቃማ እድሳት ከሚመጡት፣ በቤት ሠራተኝነት ከሚያገለግሉት የወሎ ልጆች አንዷ፣ ረሒማ የምትባል፣ «ጋሼ፣ አሳምረህ አንሣኝ፤ ይሄን እናቴም ታየዋለች» አለቻቸው። አንድ ትርፍ አትመው ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ጉርድ ሊነሣ ለመጣ ሁሉ፣ «ይህ ለኢቃማ፣ ይህ ለእናት» ብለው አንድ ይጨምሩለታል። አሠሪያቸው «ኸላስ፣ በቃ፣ ወረቀቴን ፈጀኸው» ይሏቸው ነበር፤ ግን አልከለከሏቸውም።

በ2005 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ አቡ ዳቢ ተዛወረ። አቶ ጳውሎስ በአንድ የዝግጅት ድርጅት ተቀጥረው ፈቃዳቸውን በደረታቸው አንጠልጥለው የብሔራዊ ቀን ትዕይንቶችን፣ በባሕሩ ዳር መንገድ በኮርኒሽ የሚካሄዱ ሩጫዎችንና በአል ራሐ ቢች የሚደረጉ በዓላትን አነሡ። ለድርጅቱ የሚፈልገውን ፊት ሁሉ ይሰጡት ነበር። ርችቱ አልቆ፣ እንቅልፍ የጣለው ልጅና የታጠፈ ባንዲራ ወደ መኪና ሲሄዱ የሚያነሡት ግን የራሳቸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. እዚሁ አቡ ዳቢ ያለችው የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ሥራዎቻቸውን በአዳራሽ ሰቅለው አሳዩ። በነርስነት የምትሠራው እህት ክብረት የቢጫዋ ጃንጥላ ፎቶግራፍ ፊት ብዙ ቆመችና፣ «ወንድም ጳውሎስ፣ ይህች እኔ ነኝ» አለቻቸው። አላመኗትም። «ጃንጥላው የአክስቴ ነው፤ ዘንጉን በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ይኸውና ሽቦው» ብላ በፎቶግራፉ ላይ አሳየቻቸው። እርሳቸውም፣ «ማንም እንዳይለይሽ ያን ያህል ደክሜ አንቺው ለየሽው» ብለው ሳቁ። እህት ክብረት ፎቶው በተነሣበት ቀን ቤቷ በሰላም ገብታ፣ ተምራ፣ እዚህ መድረሷን ሲያስቡ ግን ጥቂት ወደ ውጭ ወጣ ብለው እንደቆዩ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ዝግጅቱን ሁሉ ሲያስቆም ድርጅቱ ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ አሳረፈ። የአውሮፕላን በረራ ቆመ፤ ጉባኤያችንም በስልክ መስኮት ብቻ የሚገናኝ ሆነ። አገር ቤት ያሉ ብዙ እናቶች የልጆቻቸውን ድምፅ ከመስማት በቀር ፊታቸውን የሚያዩበት አልነበራቸውም። አቶ ጳውሎስ ይህን ሲሰሙ ካሜራቸውን አነሡ። መውጣት በሚፈቀድበት ሰዓት፣ እያንዳንዱን ቤተሰብ አስቀድመው አስፈቅደው፣ ከሕንፃው ሥር ርቀው ይቆሙና ሰዎቹን በየመስኮታቸው እያነሡ ፎቶውን በስልክ ወደ አገር ቤት ይልኩ ጀመር። «ማስክህን ዝቅ፣ አገጭህን ቀና፤ ይህ ለእናት ነው» የሚለው ድምፃቸው ከታች ይሰማ ነበር። ተረኛ ነርሶችን፣ የጽዳት ሠራተኞችን፣ ሾፌሮችን የማስኩ ምልክት ከፊታቸው ሳይጠፋ አነሡ። መንገድ ሲከፈት አል ዓይን ድረስ ሄደው ረሒማን ከአሠሪዋ ከማዳሟ በር ላይ አነሥተዋታል። ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ከኋላ ለምን እንደሚያነሡ፣ አሁን ደግሞ ለምን ፊት ለፊት እንደሆነ ልጃቸው ሲላስ ቢጠይቃቸው፣ «ያ ሰው ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ይኼኛው መሄድ አልቻለም፤ ስለዚህ ፊቱ ይሂድለት» ብለው መለሱለት።

አምሳ ዓመት የሞላቸው ቀን ቤተሰቡ አል ዓይን ወዳለው የተምር ደን፣ ወደ ኦአሲሱ፣ ሄዶ ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልድያ አሮጌውን ካሜራ ይዛ፣ «ዳዲ፣ ሉክ ሂር፤ ጀስት ዋንስ» እያለች አንዴ ብቻ ወደ እርሷ እንዲያዩ ለመነቻቸው። እርሳቸው ግን፣ «ዝግጅቱ አልቋል፤ አሁን ወደ ቤት ነው። እንደ አባትሽ አንሺ» ብለው በተምሮቹ መካከል፣ በውኃ ቦዩ ዳር መሄዳቸውን ቀጠሉ። እርሷም አነሣች።

በጥር 2013 ዓ.ም. በወረርሽኙ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ቤተሰቡ ሊጠይቃቸው ባልተፈቀደበት ጊዜ በዚያው ሆስፒታል የምትሠራው እህት ክብረት ከሥራዋ በተረፋት ሰዓት ስልኩን በአጠገባቸው ትይዝላቸው ነበር። ከባለቤታቸው ጋር የተነጋገሩት የባለቤታቸው ሆኖ ይኖራል። ረቡዕ የካቲት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ማቴዎስ ከሐዋሳ ደውለው፣ «ልዕልት፣ ሰው እንዴት በጀርባው ይሸኛል? የኢቃማው ፎቶ ይውጣ እንጂ። እማማ እኮ አሥራ አራት ዓመት አላየችውም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ወይዘሮ ልዕልት የኢቃማውን ጉርድ ፎቶ በስልክ ላኩላቸው፤ አቶ ማቴዎስም እዚያው አሳትመው ለእናታቸው ሰጡ። ወይዘሮ ዋጋዬ ፎቶግራፉን ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ይኼ የእኔ ነው፤ ትራሴ ሥር ይሆናል። ሌላውን እነርሱ እንደሚያውቁት ያድርጉት» ብለው ላኩ። ስለዚህ ፊታቸው ለእናታቸው ሄዷል። በሽፋኑ ላይ የምታዩት ልድያ ያነሣቻቸው ነው።

አቶ ጳውሎስ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሲላስንና ልድያን፣ ወንድማቸውን አቶ ማቴዎስን፣ ደግሞም ፊታቸውን ማንም ሳያውቀው በሰላም ቤታቸው የገቡ ብዙ ሰዎችን ትተው አልፈዋል። በመቃብሩ ሥፍራ ለመቆም ለጥቂቶች ብቻ ስለተፈቀደ በየቤታችሁ ሆናችሁ ይህን የምትሰሙትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እኛ ከኋላ ሆነን ሲሄዱ አየናቸው። በቤቱ የሚጠብቃቸው ጌታ ፊት ለፊት ይቀበላቸው። አሜን።