የጋሽ ግርማ ሦስት ምርጫዎች

ሰኞ፣ ነሐሴ 2

ጉድ ሆንን። እዚህ ጀርመን አገር፣ በከተማችን በየሰፈሩ የተቋቋሙት አራቱ የሐበሻ ኳስ ቡድኖች ዘንድሮ የመጡትን ተጫዋቾች በተራ የሚካፈሉበት ቀን ትናንት ነበር። በዕጣ የመጀመሪያው ምርጫ ለእኛ ለኖርድኤንዶች ደረሰ። ናሆም እዚያው ቆሟል፤ አገር ቤት በክለብ የተጫወተ፣ ሁሉም የሚቋምጥለት አጥቂ። አሰልጣኛችን ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን ጠረጉና ሌላ ስም ጠሩ። ከፕሮቴስታንቶቹ መዘምራን አንዱን፣ ኪቦርድ የሚመታ አጭር ሰው! ተራችን ሲመለስ ሁለተኛ ዘማሪ ጠሩ። ቀጥሎም ሦስተኛ። ናሆምን ኦስትኤንዶች እየሳቁ ወሰዱት።

አምና ጋሽ ግርማ ያሠልጥኑን ብዬ ደጋፊውን ያግባባሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የሰው ዓይን ቀና ብዬ አላየሁም።

ማክሰኞ

አልተንሃይም፣ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ፣ አሮጊቶቹን ቁርስ ሳበላ ደረጀ ሲደውል ሲደውል። ደረጀ ከደጋፊው ሁሉ ድምፁ የሚበልጥ ነው፣ ታናሽ ወንድሙ ሲሳይ ደግሞ ግብ አግቢያችን። ሰውየው ኳሱን ትተው መዘምራን እያቋቋሙ ነው ይላል። ሲብስም ጋሽ ግርማ ጴንጤ ሆነዋል የሚል ወሬ ይዟል። በፍልሰታ ጾም መሐል! ሳቅሁበት። ከሰዓት አልጋ ሳነጥፍ ግን፣ እውነት ይሆን እንዴ? አልኩ። ወሬ እንደዚህ ነው፣ እየሳቅሽበት ይገባል።

ረቡዕ

ልምምድ ሄጄ አየሁ። ባለኪቦርዱ ሯጭ ነው፣ ኳሷ ግን ትቀድመዋለች። ሁለተኛው ደህና ግራ እግር አለው። ሦስተኛው ኳስ ሲስት ይስቃል፤ ይሄ ደሜን ያፈላዋል። ሲሳይ ሲያቀብላቸው፣ ቦታ ሲያሳያቸው ዋለ። የዋህ ልጅ።

ልጄ ቤቲ በዚህ ክረምት የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እዚሁ ከተማ ካየች ወዲህ የኳስ ሊቅ ሆናለች። ስነጫነጭባት «ቫርት ማል አብ፣ ማማ» አለችኝ። ጠብቂ ማለቷ ነው። ለእሷ ቀላል ነው።

ሐሙስ

አልቻልኩም፤ ፕሮይንገስሃይም ሰፈር፣ ጋሽ ግርማ ቤት ድረስ ሄድኩ። ደጋፊው ነገ ተሰብስቦ ሊያወርድዎት ነው፣ ምክንያትዎን ይንገሩኝና ልሟገትልዎ አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ።

«የሰው አደራ አለብኝ» አሉ። «እሑድ እስኪያልፍ ሳልነግርሽ ታምኚኛለሽ?»

እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ። ኡባን ባቡሩ ውስጥ ስናደድ መጣሁ። በእሳቸው ይሁን በራሴ የተናደድኩት አላውቅም። እሳቸው ቢወርዱ ቡድኑ ሌላ አሠልጣኝ ያገኛል፣ እኔ ግን ሌላ ጋሽ ግርማ ከየት አመጣለሁ?

ዓርብ

ደረጀ ጥሩ ተናገረ፣ ልክደው አልችልም። አዳራሹ አጨበጨበለት። ተራዬ ሲደርስ በእጄ ምንም የለም። ለምን እንደመረጧቸው አላውቅም አልኩ፣ ሰው ሳቀብኝ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

«ግማሾቻችን የመጀመሪያ ቴርሚናችን፣ የጥገኝነት ቀጠሯችን ላይ ያስተረጎሙልን እሳቸው ናቸው። የማናችንን ጉዳይ ለማን ሲያወሩ ሰማችሁ?»

ስንቱ አንገቱን ደፋ! ለእሑዱ የኦስትኤንዶች ጨዋታ ይቆዩ፣ ከዚያ እናያለን ተባለ። ትንሽ ናት፣ ግን አሸነፍኩ።

ቅዳሜ

የምጽፈው የለም። ሽሮ ሠራሁ፣ አረረ። ነገ ብንሸነፍ ደረጀ ባለበት ሰፈር መኖር አልችልም።

እሑድ፣ ነሐሴ 8

ድምፄ ተዘግቷል። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ከተማው ሜዳውን የሚሰጠን እኩለ ቀን ላይ ነው። አሰላለፉ ሲነበብ ሲሳይ የለም። በእሱ ቦታ ባለኪቦርዱ! ሁለት ተከላካዮቻችንም የሉም፤ ሁለቱ ዘማሪዎች ገቡ። ደረጀ ስልኩን ሊሰብረው ደረሰ፣ ሲሳይ አያነሳም። ጨዋታው ገና ሲጀመር ናሆም አገባብን። አንገቴን ቀበርኩ።

ዕረፍት ላይ ሲሳይ መጣ። ነጠላ ለብሶ፣ በጫፉ አፉን ሸፍኖ። ቆርቧል። የቆረበ ሰው ያን ቀን አይሮጥ፣ አያልበው፣ አይተፋ፤ እንዲያውም ቤቱ መቀመጥ ነበረበት፣ ኳሱ አላስችል ብሎት እንጂ። ከሊቢያ በጀልባ ሲሻገር፣ በሕይወት ብወጣ በፍልሰታ እቆርባለሁ ብሎ ተስሎ ኖሯል። የነገረው ለጋሽ ግርማ ብቻ ነው። ሁለቱ ተከላካዮችም ለፍልሰታ ቅዳሴ እንደሚቀሩ አስቀድመው ነግረዋቸው ነበር። ፕሮቴስታንቶቹ ግን አዳራሻቸውን ጠዋት ጀርመኖቹ ስለሚይዙት፣ ጉባኤያቸው ከሰዓት ነው። የሦስቱ ምርጫ ምክንያት ይኸው ነበር። የስንቱን ሃይማኖት ስንቀይር ከረምን!

ባለግራ እግሩ አቻ አደረገን። መጨረሻ ላይ ባለኪቦርዱ ኳሷን በጉልበቱ ይሁን በሆዱ እንጃ፣ አስገባት። እኔና ቤቲ ተቃቅፈን ጮህን።

ደረጀ ግን ጎሉን አላየም። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ወንድሙ ላይ ጃንጥላ ይዞ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ቆሟል። ሲያልቅ ወደ ጋሽ ግርማ መጣ።

«ለእኔ እንኳ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ቀስ ብሎ።

«ብታውቅ ቁርባኑን ለሚቀጥለው እሑድ አድርገው ትለው ነበር።»

ደረጀ ወደ ሲሳይ ዞሮ አየ።

«እል ነበር» አለ።